የገና ጨዋታ በሰዓት ይለካ?

አቅራቢ 1፦ እህቴ፣ አሜሪካኖች በ2023 እ.ኤ.አ. ቤዝቦል ላይ ሰዓት ቆጣሪ አስገቡ። ሜዳው ላይ ሯጭ ከሌለ ኳስ ወርዋሪው ያለው 15 ሰከንድ ብቻ ነው። አንዱ ጨዋታ በአማካይ 24 ደቂቃ ያህል አጠረ።

አቅራቢ 2፦ ለእነሱ ይሁን። የእኛ ገና ግን ሰዓቱ ጀምበሯ ናት! እዚህ መካነ ሰላም ዙሪያ ኳሷ ሩር ሣር ውስጥ ስትሰወር፣ ጎረምሳው ሁሉ ጎንበስ ብሎ በዱላው ጫፍ ሲፈልጋት፣ ያ ጊዜ እንዴት ይቆጠራል?

አቅራቢ 1፦ የባህል ስፖርት ፌዴሬሽን እኮ ለውድድር ሲል ደንብ አውጥቶለታል። ክልል ከክልል እንዲገጥም የግድ ነው።

አቅራቢ 2፦ ለውድድሩ እስማማለሁ ወንድሜ። የታኅሣሥ 29ኙን የመንደር ገና ግን አትንኩብን። ከብት አጠጥቶ የሚመጣው ልጅ እኮ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው!