ዳሊያና ዓመቱ፦ ዓይኑ ያልተጠበቀ ሥር አበባ አይሰጥም

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ዳሊያ የትውልድ አገሩ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ደጋማ ቦታ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1791 ከስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ከአንደርሽ ዳል ነው። ሜክሲኮም እ.ኤ.አ. በ1963 ብሔራዊ አበባዋ አድርጋዋለች። የደጋ ተክል በመሆኑ የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ይስማማዋል፤ ውርጭና ውኃ የሚተኛበት መሬት ግን ያጠፉታል።

ገበሬ ዳሊያን በቀላሉ የሚያጣው ሥሩን ሲከፋፍል ነው፤ የድንች ልማዱ ያሳስተዋል። ድንች በገላው ሁሉ ዓይን ስላለው ተቆርጦም ይበቅላል። የዳሊያ ዓይን ግን የሚገኘው ሥሩ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት አንገት አካባቢ ብቻ ነው። ዓይን የሌለው ሥር የቱንም ያህል ቢወፍር አይበቅልም።

ስለዚህ የዓመቱ ሥራ ከግንቦት ይጀምራል። ዓይኖቹ ማበጥ ሲጀምሩ እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ አንድ ዓይንና ያልተሰበረ አንገት እንዲኖረው ተደርጎ ይከፈላል። ቁስሉ ለሁለትና ለሦስት ቀን በጥላ ይደርቃል። ከዚያም ፀሐይ በሚያገኝ፣ ከፍ ተደርጎ በተሠራ መደብ ላይ፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከላል። ደጋፊ እንጨቱም በተከላው ዕለት ይቆማል፤ ቆይቶ የሚተከል እንጨት ሥሩን ይወጋል።

በሰኔና በሐምሌ ውኃ እንዳይቋጥር ቦዩ ይጠረጋል፤ ለጋውን ቡቃያ ቀንድ አውጣ እንዳይበላውም ይጠበቃል። ተክሉ ከሦስት እስከ አራት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉ ይቀነጠባል፤ ያን ጊዜ ቅርንጫፍ ያበዛል። የበሰበሰ ፍግ ይጠቅመዋል። ዩሪያ የበዛበት ዳሊያ ግን ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም፤ ሥሩም በማከማቻ ቶሎ ይበላሻል።

አበባው በመስከረምና በጥቅምት በጠዋት ይቆረጣል። ዳሊያ በእምቡጥነቱ ከተቆረጠ ስለማይፈካ ሙሉ በሙሉ ሊፈካ ጥቂት ሲቀረው ይቆረጥ። ተቆርጦ የሚቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ስለሆነ ለሩቅ ጉዞ ሳይሆን ለቅርብ ከተማ ገበያ ይመረጣል። የጠወለገው ከተለቀመ ተክሉ ማበቡን ይቀጥላል።

ከኅዳር ጀምሮ ቀኑ ሲያጥር ተክሉ ኃይሉን ወደ ሥሩ ያወርዳል። ውርጭ ቅጠሉን ሲያጠቁረው ግንዱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀርቶለት ይቆረጣል። ከሳምንት በኋላም ከግንዱ ራቅ ብሎ ዙሪያው ይቆፈርና ሥሩ ከሥር ተደግፎ ይነሣል። ግንዱን ይዞ መጎተት አንገቱን ይሰብራል። አፈሩ ከተራገፈ በኋላ በደረቅ አሸዋ ወይም በሰጋቱራ ተሸፍኖ ቀዝቃዛና ነፋሻ ቦታ ይቀመጣል፤ በላስቲክ አይታፈንም። በየወሩ እየታየ የበሰበሰው ይወገዳል፤ የተጨማደደው ትንሽ ውኃ ይርከፈከፍለታል።

አንድ ሥር በዓመቱ ብዙ ሥር ስለሚሆን አባላት እርስ በርስ መለዋወጣቸው የግዢ ወጪ ይቀንሳል። አደጋውም ከዚሁ ይመጣል። ቅጠሉን በቢጫ መስመር የሚያዥጎረጉርና ተክሉን የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ አለ፤ ክሽክሽ ያዛምተዋል፣ በተከፋፈለው ሥርም አብሮ ይሄዳል፤ መድኃኒትም የለውም። የታመመ ተክል ተነቅሎ ይቃጠል፤ ጤነኛው ገና በአበባው ጊዜ ምልክት ይደረግበት፤ ቢላዋም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ በበረኪና ይጸዳ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። አንዱ አባል ለጎረቤቱ የሚሰጠው ሥር ዓይን ያለውና ጤነኛ ከሆነ ጌጡ የሁሉም ይሆናል፤ የታመመ ከሆነም ጉዳቱ የሁሉም ነው።

መልካም በዓል!