ብግነትና ማዮፒያ፦ የዓይን ኳስ ለምን ይረዝማል?



ማዮፒያን፣ ማለትም የቅርቡን አጥርቶ የሩቁን አደብዝዞ የማየት ችግርን፣ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምንነሣው ከመነጽር ነው። እኔ ዛሬ ከዓይን ግድግዳ ልነሣ። በአብዛኞቹ ሕሙማን የችግሩ ምንጭ የዓይን ኳስ ከፊት ወደ ኋላ ከልክ በላይ መርዘሙ ነው፤ የአንድ ሚሊ ሜትር ጭማሪ ከ2.5 እስከ 3 ዳዮፕተር ያህል ማዮፒያ ያስከትላል። መነጽር ብርሃኑን ሬቲና ላይ ያሳርፋል እንጂ የተለጠጠውን ግድግዳ አይመልስም። በከባድ ማዮፒያ ሬቲና ሊሳሳ፣ ሊቀደድና ሊላቀቅ የሚችለውም ከዚሁ መለጠጥ የተነሣ ነው።

ስክሌራ የምንለው ይህ ነጭ ግድግዳ በአብዛኛው ከኮላጅን የተሠራ ነው። ኮላጅኑ ሲመነምን ግድግዳው ይለጠጣል። የሚያመነምነውስ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2016 የታይዋን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አንድ መልስ ይጠቁማል። አንድ ዓይናቸው ጥርት ያለ ምስል እንዳያገኝ በተደረጉ ሃምስተሮች ላይ ማዮፒያው ሲያድግ፣ ኢንተርሊውኪን-6ን የመሳሰሉ የብግነት መልእክተኞች አብረው ከፍ አሉ። አብሮ መታየት ግን መንሥኤነትን አያረጋግጥም። እኔን ያሳመነኝ ቀጣዩ እርምጃ ነው፦ በሽታ የመከላከል ሥርዓትን የሚገታው ሳይክሎስፖሪን ሲሰጥ የማዮፒያው እድገት ዘገየ፤ ብግነት የሚቀሰቅሱ የባክቴሪያ ንጥረ ነገሮች ሲጨመሩ ፈጠነ። ማዮፒያን ለማዘግየት የምንጠቀምበት አትሮፒንም የብግነት ምልክቶቹን ዝቅ አደረገ።

እነዚሁ ተመራማሪዎች የታይዋንን የጤና መድን መዝገብ መርምረው፣ ዓይነት 1 የስኳር በሽታ፣ ዩቪያይተስ ወይም ሉፐስ ባለባቸው ልጆች ዘንድ ማዮፒያ በብዛት መታየቱን ዘግበዋል። ለዚህ ክፍል ያለኝ አክብሮት አነስ ያለ ነው። የደም ስኳር መዋዠቅ በራሱ የዓይን ሌንስን ስለሚለውጥ መነጽር ይቀያይራል፤ መዝገብ ደግሞ የዓይንን ርዝመት አይነግረንም።

ይህ ስጋት እኛንም ይነካል። በሀገራችን ዓይናቸውን እያሳከካቸው ወደ ክሊኒክ የሚመጡ የአለርጂ ሕሙማን ልጆች ብዙ ናቸው። «አለርጂው ዓይናቸውን እያስረዘመ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ዓይንን አዘውትሮ ማሸት ኮርኒያን አሹሎ ኬራቶኮነስ ሊያስከትል ይችላል፤ በመነጽር ምርመራ ይህም ማዮፒያ ይመስላል። የአንዱ ችግር ከፊት፣ የሌላው ከኋላ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ለማዮፒያ የስቴሮይድ ጠብታ ለማዘዝ የሚቸኩል ሐኪም እንዳይኖር አደራ እላለሁ። ስቴሮይድ የዓይን ግፊትን ከፍ ሊያደርግና የዓይን ሞራ ሊያስከትል ይችላል፤ የሃምስተር ውጤት ደግሞ ለልጅ የሕክምና መመሪያ አይሆንም።

የመመረቂያ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች ግን ሥራ አለ። የአለርጂ ሕሙማን ልጆችን የዓይን ርዝመትና የኮርኒያ ጥምዘት አንድ ላይ ለኩ፤ ከቤት ውጭ የሚያሳልፉትንም ሰዓት መዝግቡ። ከዓመት በኋላ ያንኑ ልኬት በእነዚያው ልጆች ላይ ድገሙት።