ተማሪ ልጆቻችን ሲጨነቁ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው?

(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የእድሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር። ላልተገኙ አባላት ሲባል በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ እንዲለጠፍ ተደርጓል።)

ስብሰባው የተጠራው ስለ ወርሃዊ መዋጮና ስለ ድንኳኑ እድሳት እንደ ነበር ይታወቃል። እሱን ዳኛችን ጨርሰውታል። እኔ ደግሞ እሳቸውን አስፈቅጄ አንድ ሌላ ጉዳይ ላነሳ ነው። ጉዳዩም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጆቻችን ጭንቀት ነው።

እኔ እንደምታውቁኝ ከስድስተኛ ክፍል አቁሜ ወደ እርሻ የገባሁ ሰው ነኝ። የእድሩን መዝገብ የምጽፈውም በዚያችው ትምህርት ነው። ስለዚህ የምናገረው በዓይኔ ያየሁትን፣ ደግሞም መምህራንንና የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችን ጠይቄ የሰማሁትን ነው። ብሳሳት መምህራን እዚሁ ተቀምጠዋል፣ ያርሙኝ።

አንዳንዶቻችን «ጭንቀት ደግሞ ምንድን ነው? እኛ በባዶ እግራችን ውርጭ ረግጠን ተምረን የለም ወይ?» እንላለን። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ነገር ግን የእኛ ጊዜና የእነሱ ጊዜ አንድ አይደለም። እስኪ ቆጠር እናድርገው።

በ2018 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል የተቀመጠ ልጅ በ2012 ዓ.ም. የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ እኛው ሰሜን ሸዋ ዘለቀ፤ በኅዳር ወር በአገሪቱ ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ተማሪው የዘማች ቤተሰብ ሰብል እንዲሰበስብ ተባለ። ከዚያም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን የተነሳው ግጭት አያሌ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። እንግዲህ ይህ ልጅ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ሳይቋረጥበት የተማረው ስንት ዓመት ነው? እናንተው ቁጠሩት።

በዚህ ላይ ፈተናው አለ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው ልጁ በተማረበት ትምህርት ቤት ሳይሆን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሆኗል። ይህ የተደረገው የፈተና ስርቆትን ለማስቀረት ነው፤ ዓላማውን አልቃወምም። ነገር ግን ከቤቱ ወጥቶ ሌላ ቦታ አድሮ የማያውቅ ልጅ ከማያውቀው ሰው ጋር አንድ ክፍል አድሮ፣ በማግስቱ የዕድሜውን ፈተና ይቀመጣል ማለት ነው። ውጤቱንም እንደ ሰማችሁት በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በዚያ ዓመት 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ከመቶ 8.4 ሆነ። ከፍ ማለቱ ደግ ነው። ሆኖም ግን አሁንም ከመቶ ልጅ ውስጥ ዘጠና ያህሉ «ወደቀ» ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዘጠናው ሁሉ ሰነፍ ነው ማለት ነው? ነገሩ እንዲህ ሊሆን አይችልም።

አሁን የራሴን ቤት ልናገር። ማፈሬ አልቀረም፤ ነገር ግን ካልተናገርኩት ሌላውን ለመምከር አልችልም።

የእኔ ትልቁ ልጅ የተፈተነው በ2016 ዓ.ም. ነው። ከፈተናው በፊት ባለው በጋ ሌሊቱን ሁሉ በኩራዝ ሲያነብ፣ ባናውን ተከናንቦ ሲንቀጠቀጥ አየው ነበር። ራሴን አመመኝ ይላል፣ ሆዴን ቆረጠኝ ይላል፣ ምግብ ቀረበለት ሲባል አልፈልግም ይላል። አንዱ ጎረቤት የሰው ዓይን ነው አለ፣ ሌላው ብርድ ነው አለ። እኔ «ጎበዝ ነው፣ ያጠናል» ብዬ ዝም አልኩ። ኋላ እንደ ነገረኝ ፈተናው ላይ ወረቀቱን ሲገልጠው የሚያውቀው ሁሉ ጠፋበት፤ ፊደሉ እንኳ አልታየው አለ።

ውጤቱ በጳጉሜ መጣ። አልሆነለትም። ለዘመን መለወጫ ቤት ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ሳለ እኔ ምን አልኩት መሰላችሁ? «አራት በግ ሸጬ ያስተማርኩህ ለዚህ ነው? ምነው እረኛ ባደረግኩህ!» አልኩት። በእንግዳ ፊት። ልጁ ምንም አልመለሰልኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ከቤት ሰው ጋር መነጋገር ተወ፣ ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል፣ እህል በአፉ እምብዛም አይገባም። እኔ አኩርፎ ነው ብዬ ተውኩት። አንድ ቀን ወደ ማታ ከቤት ወጣ። ጓሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በዚያ ብርድ፣ ያለ ጋቢ ብቻውን ተቀምጦ አንድ የእድራችን አባል አገኘው። ሰውዬው ከመንገድ እየተመለሰ ነበር። «ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?» ብሎ የራሱን ጋቢ ደርቦለት ቤት ድረስ አመጣልኝ። ሰውዬው ዛሬም ከመካከላችን ተቀምጧል፤ ስሙን አትጥራ ስላለኝ አልጠራውም። ያን ምሽት ያ ሰው ባያልፍ ኖሮ ይህ እድር ለእኔ ቤት ድንኳን ይተክል እንደሆነ አላውቅም።

በማግስቱ መምህሩ ቤቴ ድረስ መጣ። ሁለታችንን አስቀምጦ አነጋገረን። ከዚያም ጤና ጣቢያ ወሰድነው። እኔ ልጄን ይቅርታ ጠየቅሁ። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ በአገራችን የተለመደ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ልጁ በ2017 ዓ.ም. እንደገና ተፈተነ። አሁንም ግማሹን አላመጣም፤ ከበፊቱ ግን በጣም ተሻለ። ዛሬ የኤሌክትሪክ ሙያ ይማራል። እንቅልፉ ተመልሷል፣ ይስቃል። ለእኔ ይህ ይበቃኛል።

ስለ ጭንቀት የተነገረኝን በአጭሩ ላስረዳ። ሰው ሲፈራ ልቡ በኃይል ይመታል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ሰውነቱ ለመሮጥ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል። ጅብ ቢመጣ ይህ ይጠቅማል። ለፈተናም ጥቂቱ ይጠቅማል፣ ሰውን ያነቃል። ነገር ግን ለወራት ሳይለቅ ሲቀር እንቅልፍ ይነሳል፣ የተጠናው አይያዝም፣ ራስና ሆድ ያማል፣ ልጁ ቁጡ ወይም ዝምተኛ ይሆናል። ስለዚህ ይህ ስንፍና አይደለም፤ ቅብጠትም አይደለም።

እናንተ ተማሪ ልጆቻችን፣ እስኪ ይህችን ስሙኝ።

1ኛ፣ ተኙ። በእናንተ ዕድሜ ያለ ሰው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባዋል ይላሉ ባለሙያዎቹ። የተጠናው ነገር በጭንቅላት የሚቀመጠው ሰው ሲተኛ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አንብቦ ጠዋት ክፍል ውስጥ ማንቀላፋት እህል አጭዶ በረዶ ላይ እንደ መተው ነው።

2ኛ፣ ከፋፍላችሁ አጥኑ። 40 ደቂቃ አጥንታችሁ ጥቂት ዕረፉ። ደብተሩን ዝጉና ያነበባችሁትን ለራሳችሁ ወይም ለጓደኛ ተናገሩት፤ ያልወጣላችሁን ተመልሳችሁ እዩት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

3ኛ፣ ለንቃት ብላችሁ ጫት አትጀምሩ፤ ቡናም ወደ ማታ ይቅር። እንቅልፍ ይወስዳሉ እንጂ እውቀት አይጨምሩም።

4ኛ፣ ፈተና ላይ ሁሉም ቢጠፋባችሁ እርሳሱን አስቀምጡ። በዝግታ አየር ወደ ውስጥ ሳቡ፣ ከዚያ ይበልጥ በዝግታ አስወጡ። አምስት ስድስት ጊዜ ብታደርጉት ልብ ይረጋል። ከዚያ ከምታውቁት ጥያቄ ጀምሩ።

5ኛ፣ ለአንድ ሰው ንገሩ። ለእናት ቢሆን፣ ለመምህር ቢሆን፣ ለእድር ጸሐፊም ቢሆን። ደግሞ ግማሹን ያላመጣ ልጅ መንገዱ ሁሉ አልተዘጋበትም። የተቆረጠውን ነጥብ ያሟላ በሪሜዲያል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይሞክራል፣ በግል ተመዝግቦ እንደገና ይፈተናል፣ ቴክኒክና ሙያ ይገባል።

ወደ እኛ ወደ ወላጆች ልመለስ። ልጅን ባየነው ቁጥር «ስንት አመጣህ? ስንተኛ ወጣህ?» ማለት እንተው። ከጎረቤት ልጅ ጋር አናወዳድር። ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት መጥታ ውሃ ቀድታ፣ ወጥ ሠርታ፣ እንስራና ድስት አጥባ ማጥናት የምትጀምረው ሌላው ሲተኛ ነው። ከዚያ «ወንድሟ በልጧታል» እንላለን። ቢያንስ በፈተናው ዓመት ሥራው ለወንዱም ይካፈል። ልጁ «መኖር ሰለቸኝ» ወይም «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ደግሞ ቀልድ ነው አትበሉ፤ ብቻውን አትተዉት፣ ያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ቤት ለምታከራዩ አባላትም አንድ ቃል አለኝ። ከገጠር ቀበሌ መጥተው በመካከላችን ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉ። ቅዳሜ ቤታቸው ሄደው እሑድ ቆሎና ዱቄት ተሸክመው ይመለሳሉ። እናትም አባትም አጠገባቸው የለም። አንዳንዶቻችን ቆጣሪ ይበላል ብለን ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን መብራት እናጠፋባቸዋለን። ልጁ በኩራዝ ጭስ ያነባል። ይኸ ነገር ያሳዝናል። ሂሳቡን መነጋገር ይቻላል፤ ጨለማ ውስጥ ማስቀመጥ ግን የእኛ ወግ አይደለም።

እንግዲህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይኸ ነው። የእድራችን ቤት አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ መብራት አለ። ለቅሶ ከሌለ ተቆልፎ ይከርማል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ለተማሪዎች ይከፈት። በየምሽቱ ሁለት አባላት በተራ ይገኙ፤ ሲያበቃም ልጆቹን፣ በተለይ ሴቶቹን፣ ቤታቸው ድረስ ያድርሱ። ለመብራቱ ከእያንዳንዱ አባል በወር ጥቂት ብር ይጨመር፤ መጠኑን ጉባኤው ይወስን። ለቅሶ ሲኖር እንደ ወትሮው ቤቱ ለለቅሶ ይሆናል።

ከወዲያ በኩል «እድር ለሞተ ነው እንጂ ለተማሪ ምን አገባው?» የሚል ድምፅ ሰምቻለሁ። መልሴ አጭር ነው። ለሞተ ልጅ ድንኳን ይዘን፣ ንፍሮ ቀቅለን፣ ሦስት ቀን የምንቀመጥ ከሆነ በሕይወት ላለው በሳምንት አንድ ምሽት መቀመጥ እንዴት ያቅተናል? የእኔን ልጅ ያተረፈው ገንዘብ አይደለም፤ ቆም ብሎ «ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?» ያለ አንድ ጎረቤት ነው።

የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ። የተራውን መዝገብ ይዣለሁ፤ የመጀመሪያውን ሰኞ የእኔን ስም ጽፌበታለሁ። ከጎኑ ያለው መስመር ባዶ ነው።

የእድሩ ጸሐፊ
መሃል ሜዳ