የጋላክሲ ርቀት በምን ይለካል?

ሜትር ዘርግቶ ጋላክሲ ዘንድ የሚደርስ የለም፤ ታዲያ ርቀቱ በምን ይታወቃል?

ሴፌይድ የሚባሉ ከዋክብት ደመቅ፣ ደብዘዝ እያሉ ይመላለሳሉ። የሃርቫርድ ኦብዘርቫቶሪዋ ሄንሪየታ ሌቪት እ.ኤ.አ. በ1912 እንዳሳየችው፣ ምልልሱ በዘገየ ቁጥር የኮከቡ እውነተኛ ድምቀት ይጨምራል። ነገሩ እንደ አምፖል ነው፤ ዋቱ ከታወቀ፣ ብርሃኑ ምን ያህል እንደደከመ አይቶ ርቀቱን ማስላት ነው።

በ1923 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሃብል በአንድሮሜዳ ፎቶ ላይ ለአንዲት ነጥብ የሰጠውን የኖቫ (በድንገት የሚደምቅ ኮከብ) ምልክት ሰርዞ «ተለዋዋጭ!» ብሎ ጻፈ። በ31 ቀን ገደማ የምትመላለስ ሴፌይድ ነበረች። አንድሮሜዳ ሌላ ጋላክሲ መሆኗ በዚህች ኮከብ ርቀት ታወቀ።

ሴፌይድ ከማይታይበት ርቀት ደግሞ ዓይነት 1ኤ ሱፐርኖቫ የሚባል የኮከብ ፍንዳታ ይተካዋል።

ሌቪት በ1921 ስላረፈች የሃብልን ግኝት አላየችም፤ ስሟ ግን ከሃብል እኩል ሊነሳ ይገባል።