ታውን ሀውስ ከመገንባቱ በፊት
ታውን ሀውስ የሚባሉት የጎን ግድግዳቸውን እየተጋሩ በረድፍ የሚቆሙ፣ እያንዳንዳቸው ግን የራሳቸው የውጭ በር ያላቸው ፎቅ ቤቶች ሲሆኑ፣ በአሜሪካ ከተሞች የግንባታ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ፕላናቸው በከተማው ባለሙያዎች ይመረመራል። በቅድሚያ የሚታየው ዞኒንግ ነው፤ ይህም በአንድ ቦታ ላይ ስንት ቤት፣ በምን ያህል ከፍታ፣ ከወሰኑስ ምን ያህል ርቆ ሊሠራ እንደሚችል የሚወስን ደንብ ነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲያትል ግን የዞኒንግ ደንቡ ቁጥሮች ቢሟሉም እንኳ የቤቶቹ ገጽታ ብርቱ ክርክር ሲያስነሳ ቆይቷል። በአንድ ቦታ ላይ የታጨቁት አራት ቤቶች መሃላቸውን ለመኪና መግቢያ አስፋልት ትተው ለእግረኛው ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ረጅም የእንጨት አጥር ነበርና፣ የጎረቤቶቹ ቅሬታ በእርግጥም ተገቢ ነበር።

ይሁን እንጂ ፕላኑ ሲመረመር በቤቶቹ ገጽታ ላይ የሚደረገው ግምገማ “ለአካባቢው አይስማማም” በሚል መለኪያ በሌለው ተቃውሞ ሲጓተት ወጪው በቤቱ ዋጋ ላይ ስለሚጨመር፣ ሲያትል የምትገኝበት የዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ ግምገማው በግልጽ መስፈርት ብቻ እንዲካሄድ፣ የሕዝብ ስብሰባውም ከአንድ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ የዚያው ዓመት ሌላ ሕግ ደግሞ ትልልቅ ከተሞች በአብዛኛው የመኖሪያ ቦታ ላይ ቢያንስ አራት ቤት እንዲፈቅዱ ያስገድዳል።