በአደጋ ጊዜ ቋንቋም ሕክምና ነው

(በሽኩና ቤት ለተሰበሰቡ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



የሕክምና ተማሪዎች በአደጋ ክፍልና በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲሠለጥኑ ምን እንደሚማሩ ልንነግራችሁ መጥተናል። እኛ ከዚሁ ማኅበረሰብ ወጥተን ሕክምና የምንማርና በቤት ሖሊም የምናስተረጉም ነን። ነገሩ ግን የተማሪ ብቻ አይደለም። ሶሮካ እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፈተ፤ በ1974 የተቋቋመው የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤትም ተማሪዎቹን እዚያ ያሠለጥናል። መኪና የገጨው ሆነ ከሕንፃ ሥራ ላይ የወደቀ፣ በነገብ በጽኑ የቆሰለ ሰው የሚወሰደው ወደ ሶሮካ ነው። ኦክቶበር 7 ቀን 2023 በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ቁስለኞች የገቡት እዚያ ነበር። በጁን 2025 ደግሞ ሶሮካ ራሱ በኢራን ሚሳይል ተመታ።

ተማሪው በሐደር ትራውማ መጀመሪያ የሚማረው ቅደም ተከተል ነው። በቅድሚያ የቁስለኛው የአየር መንገድ ክፍት መሆኑ ይታያል፤ ቀጥሎ አተነፋፈሱ፣ ከዚያ የደሙ ሁኔታ፣ ከዚያ አእምሮው። በመጨረሻ ልብሱ በመቀስ ተቀዶ ገላው በሙሉ ይመረመራል። ይህ ንቀት አይደለም፤ በጀርባ በኩል የተደበቀች ትንሽ ቁስል ሰው ስለምትገድል ነው። ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅና በሽተኛው መናገር ሲያቅተው፣ ሐኪሙ ፈቃድ ሳይጠብቅ እንዲያክም የ1996ቱ የበሽተኛ መብት ሕግ ይፈቅድለታል።

አእምሮ የሚለካው በ1974 በግላስጎ ከተማ በወጣው መለኪያ ነው። ለዓይን እስከ 4፣ ለንግግር እስከ 5፣ ለእንቅስቃሴ እስከ 6 ነጥብ ይሰጣል። ጤነኛ ሰው 15 ያገኛል፤ ትንሹ 3 ነው። 8 ወይም ከዚያ በታች ያገኘ ሰው ራሱን በጽኑ የሳተ ይባላል፤ ብዙ ጊዜም የመተንፈሻ ቱቦ ይገባለታል።

የእኛ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሽማግሌ በዕብራይስጥ «እጅህን አንሣ» ተብለው ባያነሡ፣ አእምሯቸው ስለታወከ ነው ወይስ ቋንቋው ስላልገባቸው? ቀኑንና ቦታውን በአማርኛ ወይም በትግርኛ አጥርተው ቢናገሩ፣ ቋንቋቸውን የማያውቅ ሰው ያልተያያዘ ንግግር ነው ብሎ ነጥብ ሊቀንስባቸው ይችላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም እየፈሰሰ ንግግራቸው የተደበላለቀ ሰው፣ «ዕብራይስጥ ስለማይችሉ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ሰው በአጠገባቸው ቢኖር ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ባህላችንም አለ። ሐኪም ሲጠይቀን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ማለት ልማዳችን ነው። አንድ እናት «ልቤን አቃጠለኝ» ሲሉ ሆዳቸውን ወይም ሐዘናቸውን ማለታቸው ሊሆን ይችላል። አስተርጓሚው ቃሉን ብቻ ካስተላለፈ ምርመራው ሁሉ ወደ ልብ ሕመም ይዞራል። ስለዚህ ጣታችሁን ከሚያምበት ቦታ ላይ አድርጋችሁ አሳዩ። ሕመምን መደበቅ በአደጋ ጊዜ ጨዋነት አይደለም።

ተማሪው ከቤተሰብ የሚጠይቃቸው አምስት ነገሮች አሉ፤ የማይስማማው መድኃኒት አለ ወይ? ምን መድኃኒት ይወስዳል? ከዚህ በፊት ምን ታሞ ነበር? መጨረሻ የበላው መቼ ነው? አደጋውስ እንዴት ደረሰ? በተለይ እንደ ኩማዲን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱን ከተመታ፣ ይህን ቶሎ ማወቅ ሕይወት ያድናል።

ከዚያ ወደ ቲፑል ኒምራጽ ይገባል። እዚያ ተማሪው በየማለዳው ከሐኪሞች ጋር ከአልጋ አልጋ እየዞረ ስለ ሌሊቱ ትንፋሽ፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ሽንት፣ ስለ ትኩሳት ይናገራል። በሽተኛው ቱቦ ስላለበትና ማስተኛ መድኃኒት ስለሚሰጠው አይመልስም። ዝም ማለቱ ሞተ ማለት አይደለም። እጁን ይዛችሁ በቋንቋው አነጋግሩት።

ክፉ ዜና ሲመጣም ወጋችን ሌላ ነው። መርዶ በሽማግሌ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። እዚህ ግን ሐኪሙ በኮሪደር ላይ በቅርብ ላገኘው ለአንድ ሰው ይነግራል፤ ያም ሰው አንዳንድ ጊዜ ዕብራይስጥ የሚችለው ልጅ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የአባቱን ሞት ለእናቱ ማስተርጎም የለበትም!

ስለዚህ አራት ነገር እንለምናችኋለን።

አንደኛ፣ የእያንዳንዱን ሰው በሽታና መድኃኒት በዕብራይስጥ አስጽፋችሁ ከተዑዳት ዜሁት ጋር ያዙ።

ሁለተኛ፣ ሚዩን ስትደርሱ ከሁሉ አስቀድማችሁ «የሚናገረው አማርኛ ነው» ወይም «ትግርኛ ነው» በሉ፤ አስተርጓሚም ጠይቁ። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ ቤት ሖሊሞች ለበሽተኛው በቋንቋው አገልግሎት እንዲያመቻቹ አዟል፤ ልመና አይደለም።

ሦስተኛ፣ ከቤተሰቡ አንድ ትልቅ ሰው ምረጡ። ስሙንና ስልኩን ለነርሷ ስጡ፤ ሐኪሙ ለእርሱ ይንገር፣ እርሱም ለዘመድ በወግ ይንገር።

አራተኛ፣ የሚያክማችሁ ማን እንደሆነ ጠይቁ። ተማሪም ቢሆን ስሙንና ሥራውን ሊነግራችሁ ይገባል።

ወጣቶች ሆይ፣ የሕክምና ትምህርት ረጅም ነው፤ ስድስት ዓመት፣ ከዚያም የስታዥ ሥልጠና። ነገር ግን ከወላጆቻችሁ የተማራችሁት አማርኛና ትግርኛ በሐደር ትራውማ እንደ መሣሪያ የሚያገለግል ነው። አትጣሉት።

እግዚአብሔር ከአደጋ ይጠብቃችሁ።