ከተቃጠለ ዘይትና ከሞራ ናፍጣ ስለ ማውጣት

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የተነበበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በየማድ ቤታችን ጥግ በጠርሙስና በጀሪካን የሚቀመጠው የተቃጠለ ዘይት ነው። ከወጣቶቻችን አንዳንዶቹ «ይህ ዘይትና ከሥጋ ቤት የሚጣለው ሞራ ናፍጣ ይወጣዋል፤ እቤታችን እንሥራው» የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ሐሳቡ ቀልድ አይደለም፤ እውነትም ይወጣዋል። ነገር ግን ማን ይሥራው፣ የት ይሥራው፣ በምን ጥንቃቄ ይሥራው የሚለው ሳይለይ አንድም ድስት እሳት ላይ እንዳይጣድ ብለን ነው ቀድመን የምንናገረው።

በመጀመሪያ ዘይቱን መሰብሰቡ ራሱ ደግ ሥራ ነው። ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ደጋግሞ የተጠበሰበት፣ የጠቆረና የከረፋ ዘይት ተመልሶ ለምግብ መዋል የለበትም። ቦይ ውስጥ ሲደፋ ደግሞ፣ በተለይ ሞራው፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋና ቱቦ ይደፍናል። ክረምት ሲመጣ የተደፈነ ቱቦ የማንን ደጅ እንደሚያጥለቀልቅ ሁላችንም እናውቃለን።

ዘይት ሞተር ያዞራል መባሉ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ በተደረገው ኤግዚቢሽን አንድ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። ችግሩ ዘይት ወፍራም መሆኑ ነው፤ እንዳለ ሲገባ ኖዝሉን በጥላሸት ይደፍነዋል። እ.ኤ.አ. በ1937 ሻቫን የተባለ የቤልጂግ ተመራማሪ የዘምባባ ዘይትን በአልኮል አቅጥኖ ነዳጅ ለማድረግ የሚያስችል ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ዛሬ ባዮዲዝል የሚባለው ነገር መሠረቱ ይኸው ነው።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ዘይትም ሆነ ሞራ ሦስት የስብ አሲዶች ከአንድ ግሊሰሪን ጋር የተያያዙበት ነገር ነው። ሜታኖል የሚባለው አልኮል ግሊሰሪኑን ያስለቅቅና ቦታውን ይይዛል፤ ኮስቲክ ሶዳ ሥራውን ያፋጥነዋል። ላልተጠበሰበት 1 ሊትር ዘይት 200 ሚሊ ሊትር ሜታኖልና 3.5 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ያስፈልጋል። ያገለገለ ዘይት ግን አሲድ ስለሚያበዛ ሶዳው ይጨመርለታል፤ ስንት እንደሚጨመርም ሳይለካ አይታወቅም። 1 ግራም ሶዳ በ1 ሊትር ዲስትልድ ውኃ ይሟሟል። 1 ሚሊ ሊትር ዘይት ደግሞ በ10 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል ተበጥብጦ ጥቂት እርድ ይገባበታል። የሶዳው ውኃ በጠብታ ሲጨመር የእርዱ ቢጫ ወደ ቀይ ዞሮ ከቆየ ልኩ ደረሰ ማለት ነው። 2 ሚሊ ሊትር ከፈጀ በ3.5 ላይ 2 ግራም ጨምሮ 5.5 ግራም ይሆናል። በ«መሰለኝ» የሠራ ሰው ናፍጣ ሳይሆን የሳሙና ዝቃጭ ነው የሚያገኘው።

ዘይቱ ተጣርቶ፣ ውኃው በሙቀት ወጥቶለት፣ በረድ ካለ በኋላ ሶዳው ከተሟሟበት ሜታኖል ጋር አንድ ሰዓት ያህል ይማሰላል። ሲያድር ጥቁሩ ግሊሰሪን ከታች ይዘቅጣል፤ ከላይ ያለው ባዮዲዝሉ ነው። እሱም ሳሙናውና የተረፈው ሜታኖል እንዲወጣለት ደጋግሞ በለብ ያለ ውኃ ይታጠባል፤ ጠርቶ እስኪታይም ይደርቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን። ሜታኖል በባሕር ጠለል ላይ በ65 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባችን ግን 58 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መፍላት ይጀምራል። ስለዚህ የውጭ አገር ጽሑፍ «55 ዲግሪ አሙቁ» ቢል እኛ ዘንድ ለመፍላት የሚቀረው ጥቂት ነው፤ ከ50 ማለፍ የለበትም። ሞራውም የራሱ ጣጣ አለው፤ ከሞራ የወጣ ባዮዲዝል ሌሊት ብርድ ሲመታው ይደፈርስና ይረጋል። ጠዋት ሞተሩ አልነሳም ቢል አይገርምም።

ለመሆኑ ለየትኛው ሞተር ነው? ለናፍጣ ሞተር ብቻ። ለቤንዚን መኪና አይሆንም፤ ለጋዝ ምድጃም የተሠራ አይደለም። በናፍጣው ሞተርም ቢሆን በመጀመሪያ የቆየውን ቆሻሻ አንቅሎ ፊልትሮ ይደፍናል፤ የጎማ ቱቦዎችን ያለሰልሳል። ፖምፓው ከተበላሸ የጥገናው ዋጋ ከተረፈው ናፍጣ ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አደጋው ያለው ዘይቱ ላይ ሳይሆን ሜታኖሉ ላይ ነው። ሜታኖል ቀለም የለውም፤ ለሚያየው ሰው አረቄ ነው የሚመስለው። አንድ መለኪያ የማይሞላ መጠን ዓይን ያሳውራል፤ ሕይወትም ያጠፋል። በትንፋሽም በቆዳም ይገባል። የሚያቃጥል ሽታ ስለሌለው ቤቱን ሲሞላ ሰው ላይነቃ ይችላል። ሲቀጣጠል ደግሞ ነበልባሉ በቀን ብርሃን ጨርሶ አይታይም ማለት ይቻላል። ኮስቲክ ሶዳውም ቆዳና ዓይን ይበላል። የአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ከገባ ድስቱን እየበላ የሚነድ ጋዝ ያወጣል።

እስቲ ሰፈራችንን እንመልከት። ግድግዳችን የጋራ ነው፤ ጣሪያችን ተያይዟል። በአንዱ ማድ ቤት ከሰል ሲፋም በሌላው ጀበና ተጥዷል። ሕፃናት የተዘጋ ጀሪካን ባገኙ ቁጥር ከፍተው ያያሉ። እንዲህ ባለ ቦታ ሜታኖል ማስገባት የራስን ቤት ብቻ ሳይሆን የጎረቤትንም ቤት በእሳት ማስያዝ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለውም ለዚህ ነው።

በመሆኑም ኮሚቴው የሚከተለውን ያቀርባል።

1ኛ. ማንም ነዋሪ በመኖሪያ ቤት፣ በማድ ቤትም ሆነ በሰርቪስ ቤት ውስጥ ሜታኖል እንዳያስቀምጥ፣ ባዮዲዝልም እንዳይሠራ። አረቄና ውኃ በሚቀዳበት ጠርሙስ ማስቀመጥማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው።

2ኛ. ያገለገለ ዘይት ከቀዘቀዘ በኋላ በጨርቅ ተጣርቶ፣ ክዳን ባለው ዕቃ፣ «የተቃጠለ ዘይት» ተብሎ ተጽፎበት እንዲቀመጥ። መልሶ ለሚጠብስ ነጋዴ ግን እንዳይሰጥ።

3ኛ. መሥራት የሚፈልጉ ወጣቶች ከመኖሪያ በራቀ፣ አየር እንደ ልብ በሚገባበት ቦታ፣ ኬሚስትሪ በሚያውቅ ባለሙያ እየተመሩ፣ የእሳት አደጋ መከላከያን አማክረውና የሚመለከተውን ክፍል አስፈቅደው በጋራ እንዲሠሩ። የዓይን መከላከያ፣ ጓንት፣ ብዙ ውኃና አሸዋ አጠገባቸው ይኑር። የሜታኖሉና የሶዳው ዋጋም ከናፍጣው ዋጋ ጋር አስቀድሞ በወረቀት ላይ ይሰላ።

4ኛ. በቤት ደረጃ ለመሥራት የተሻለው ሳሙና ነው፤ ሜታኖል አይፈልግም። ከውኃ ጋር ተቀቅሎ ለተጣራ 1 ኪሎ የከብት ሞራ 130 ግራም ኮስቲክ ሶዳና 330 ሚሊ ሊትር ውኃ ይበቃል። ሶዳው በውኃው ላይ ይጨመራል እንጂ ውኃው በሶዳው ላይ አይፈስም። ከቀለጠው ሞራ ጋር ተማስሎ ሲወፍር በቅርጽ ይፈሳል፤ ተቆርጦም 4 ሳምንት ይቆያል። ይህም ቢሆን ከልጆች ርቆ፣ ደጅ፣ በጓንትና በዓይን መከላከያ ነው የሚሠራው። ሶዳ ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ውኃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ይታጠባል፤ ዓይን ከሆነ ወደ ሐኪም ይኬዳል።

ወጣቶቻችን ሐሳብ ማፍለቃቸው ያኮራናል፤ «አይሆንም» ብለን በሩን አልዘጋንባቸውም። የምንለው፣ አንድ ጀሪካን ናፍጣ ለማትረፍ የአንድ ልጅ ዓይን አይጠፋ፣ የአንድ ረድፍ ቤት አይቃጠል ነው። በእነዚህ አራት ነጥቦች ላይ አስተያየታችሁን ስጡንና አብረን እንወስን።